ስሜን፣ ሰረንጌቲ ወይስ ቪክቶሪያ? ከባሕር ዳር ለሚነሳ ሰው የፓርክ ምርጫ

ባለፈው እሁድ ከሰዓት ጣና ዳር ማኪያቶ ይዘን ተቀምጠናል፤ የእህቴ ልጅ፣ እጮኛውና እኔ። ሰርጋቸው ጥር ላይ ነው። ልጁ ስልኩን አውጥቶ አንድ ቪዲዮ አሳየኝ። እንስሳው እንደ ጎርፍ እየተግተለተለ ወንዝ ውስጥ ይገባል፣ አዞው አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። «አጎቴ፣ ለጫጉላ እዚህ ነው የምንሄደው፤ ታንዛኒያ፣ ሰረንጌቲ» አለ። እሷም ዝም አላለችም። የሷ ስልክ ላይ ያለው ቪክቶሪያ ፏፏቴ ነው። «ጢስ ዓባይን እያየሁ ነው ያደግኩት፣ ታላቅ ወንድሙን ማየት እፈልጋለሁ» አለች። ከዚያ ሁለቱም እኔን ያዩኝ ጀመር።

አስጎብኚ አይደለሁም። ግን ባሕር ዳር የሚኖር ሰው ሳይፈልግ አስጎብኚ ይሆናል። ዘመድ በመጣ ቁጥር ከጀልባው ጋር የሚደራደረው፣ አሳ የሚያስመርጠው እሱ ነው። እናም ልጆቹን አንድ ነገር ጠየቅኳቸው። «የምትሄዱት ጥር ላይ ነው አይደል?» አዎ አሉ። «እንግዲያው ያ ቪዲዮ ቀረ።» እንስሶቹ የማራን ወንዝ የሚሻገሩት በእኛ ክረምት፣ ከሐምሌ እስከ መስከረም ገደማ ነው። ጥር ላይ ወንዙ ዳር የሚጠብቃችሁ አዞው ብቻ ነው።

ልጁ ስልኩን ደፋው። ከአስተናጋጇ እስክሪብቶ ተውሰን ወረቀት ላይ መጻፍ ጀመርን። የሚከተለው በዚያ ወረቀት ላይ የሰፈረው ነው፤ ትንሽ አስተካክዬዋለሁ።

በምን እንመዝን?

የመጀመሪያው መለኪያ የኔ ነው፤ ቤታችን የሌለ ነገር ነው ወይ? ጉማሬ ለማየት ድንበር መሻገር የለብንም። ዓባይ ከጣና ወደሚወጣበት በጀልባ ጠጋ ማለት ይበቃል። ወፍ ሞልቶናል፣ ጦጣ ሞልቶናል። ጣና ራሱ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ሆኖ ተመዝግቧል። ዶላር የሚከፈለው ቤት ለሌለ ነገር ነው። አውራሪስ የለንም። ጎሪላ የለንም። ፍል ውሃ አለን፣ ግን በየሰዓት ተኩሉ ተነስቶ ከፎቅ በላይ የሚተኮስ ፍል ውሃ የለንም።

ሁለተኛው ወሩ ነው። ስለ ወሩ ከላይ ያያችሁት ይበቃል።

ሦስተኛው ሙሉ ሂሳቡ ነው። የመግቢያ ዋጋ ብቻ አይቶ መወሰን፣ ሰርግ ሲደገስ የሽንኩርቱን ዋጋ ብቻ እንደማስላት ነው። ትኬት አለ፣ ቪዛ አለ፣ መኪና አለ፣ አዳር አለ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ በዶላር የተጻፈ ዋጋ ሁሉ ለእኛ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ልጆቹ ያጠራቀሙት፣ ዘመድ ከውጭ የላከላቸውን ጨምሮ፣ 3,000 ዶላር ገደማ ነው። ይህን ቁጥር ያዙት፤ እንመለስበታለን።

አራተኛው፣ የሚሄደው ማን ነው? ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከዚህ ተነስቶ በአንድ ቀን 3,200 ሜትር ላይ ለማደር የሚወጣ ሰው ራሱን ያመዋል፣ እንቅልፍ እምቢ ይለዋል። ሕፃን የያዘ፣ ጉልበቱን የሚያመው፣ ደም ግፊት ያለበት ሰው ይህን ከትኬቱ በፊት ያስብ።

ስሜን፦ ደጃችን ያለው

ከዚህ ጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከጎንደር የፓርኩ መግቢያ እስከሆነችው ደባርቅ ሌላ 100። ባሕር ዳር ተወልዶ ያደገ፣ ዱባይን ያየ፣ ስሜንን ያላየ ሰው ስንት አለ መሰላችሁ? እኔም እስከ ሰላሳ ዓመቴ ከነሱ አንዱ ነበርኩ።

ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ በዓለም ላይ ከመጀመሪያዎቹ አስራ ሁለት አንዱ ነበር። ከላሊበላ ጋር በአንድ ዓመት፣ ከአሜሪካው የሎውስቶን ጋርም በአንድ ዓመት ማለት ነው። በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ፣ በ2017 ወጣ። ዋልያ በዓለም ላይ የሚኖረው እዚህ ብቻ ነው። አጠገቡ ያለው ራስ ዳሽን ከ4,500 ሜትር በላይ ነው።

ግን ሰው የሚያወራው ስለ ዋልያው ሳይሆን ስለ ጭላዳው ነው። እኔም ከዚያ አልወጣሁም። ሳንቃ በር አጠገብ አንድ ሜዳ ላይ ከስካውቱ፣ ከፓርኩ ጠባቂ፣ ጋር ተቀመጥን። ከመቶ በላይ ይሆናሉ፤ ከበቡን። ቀና ብሎ ያየን የለም። ቁጭ ብለው በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ሣሩን አንድ በአንድ ይነቅላሉ፣ ጤፍ እንደሚያርም ሰው። የያዙት ሲያልቅ አይነሱም፤ በመቀመጫቸው ሸርተት ይላሉና እዚያው ይቀጥላሉ። የወንዱ ደረት ላይ ያለው ቀይ ቆዳ ልብ ተገልጦ የሚታይ ይመስላል። ስካውቱ ከኪሱ ቆሎ አውጥቶ ግማሹን ለኔ ሰጠኝ። «እነሱ የራሳቸውን ይበላሉ፣ እኛም የራሳችንን» አለ። ከዝንጀሮ ወገን ኑሮውን በሣር ላይ የመሠረተ ሌላ የለም። ይህን እንስሳ ከኢትዮጵያ ውጭ በዱር አታገኙትም። ፈረንጁ ሦስት አውሮፕላን ቀይሮ የሚመጣው ለዚህ ነው።

አሁን ጉድለቱን ልንገራችሁ። ብርዱ ቀልድ አይደለም። ጥር ላይ አድሬ ሃይላንዴ ውስጥ የነበረው ውሃ ጠዋት በረዶ ሆኖ አገኘሁት። ባሕር ዳር በቲሸርት የሚያመሽ ሰው በጃኬት ብቻ እንዳይሄድ። እኔን ያዳነኝ የአባቴ ጋቢ ነው፤ እስካሁን የጭስ ሽታው አለቀቀውም። ሁለተኛው ጉድለት መንገዱ ነው። አሁን ባለው ሁኔታ ከመነሳታችሁ በፊት፣ ያውም በዚያው ሳምንት፣ መንገዱ ሰላም መሆኑን ደባርቅና ጎንደር ያለ ሰው ደውላችሁ ጠይቁ። በአዲስ አበባ በኩል ጎንደር ድረስ መብረርም አለ፤ ዞሮ መሄድ ነው ግን ይሠራል። ሦስተኛ፣ አንበሳና ዝሆን የሚጠብቅ ሰው ያዝናል። ስሜን የገደል አገር ነው። እሜት ጎጎ ጫፍ ላይ ቆሞ ወደ ታች ማየት ነው ትልቁ ነገር።

ወሩ፦ ከመስከረም መጨረሻ እስከ የካቲት። መስከረም ማለቂያ ላይ አረንጓዴ ነው፤ ጥር ላይ ሣሩ ይደርቃል፣ ሰማዩ ግን እንደ መስታወት ነው። ክረምት ላይ ጉም ነው፣ አትድከሙ። ክፍያው ለዜጋ በብር ነው፤ ትልቁ ወጪ ማደሪያው ነው። ድንኳን ከያዛችሁ ግን ከባሕር ዳር ቅዳሜና እሁድ ሆቴል ማደር ብዙም አይለይም።

እግረ መንገዴን ስለ ባሌ። ቀይ ቀበሮ ማየት የፈለገ ሰው ስሜን ሳይሆን ባሌ ይሂድ። በዓለም ላይ ካሉት አብዛኞቹ እዚያ ናቸው፤ ሳነቴ አምባ ላይ መንገዱ ራሱ በ4,000 ሜትር ከፍታ ስለሚያልፍ ከመኪና ሳይወርዱ ይታያሉ። እ.ኤ.አ. በ2023 እሱም በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ለእኛ ግን ከአዲስ አበባ ሌላ 400 ኪሎ ሜትር ነው። በአንድ ጉዞ ሁለቱን ለማየት መሞከር ዕረፍትን መኪና ውስጥ መጨረስ ነው።

ሰረንጌቲ፦ ቪዲዮውና ሂሳቡ

ስሙ ከማሳይ ቋንቋ የመጣ ነው፤ ማለቂያ የሌለው ሜዳ እንደማለት። ስፋቱ ወደ 15 ሺህ ስኩዌር ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ከአራት ጣና ይበልጣል። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ዋይልድቢስት (ቪዲዮው ላይ ያለው በሬ መሳይ እንስሳ)፣ ከነሱ ጋር በመቶ ሺዎች የሚቆጠር የሜዳ አህያ፣ ዓመቱን ሙሉ ዝናብና ሣር ተከትሎ ይዞራል። በመጀመሪያው መለኪያ ሙሉ ነጥብ ነው። እንዲህ ያለ የሜዳ መንጋ እኛ ዘንድ የቀረው ጋምቤላ ውስጥ ብቻ ነው፤ እዚያም ቢሆን እንስሳው ሌላ ነው።

አዙሪቱን ከያዛችሁ ወሩን መሳት የለም። ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት መንጋው ደቡብ ነው። እዚያ ያለው አጭር ሣር የበቀለው የእሳተ ገሞራ አመድ ባዳበረው አፈር ላይ ነው፤ ለምታጠባ እናት የሚሆን ማዕድን አለው። ስለዚህ የሚወልዱት እዚያ ነው፣ ከጥር አጋማሽ ጀምሮ የካቲትን ይዞ። ጥጃው በተወለደ በደቂቃዎች ውስጥ ይቆማል። ካልቆመ ጅብ አለ። በግንቦትና በሰኔ ወደ ምዕራብና ሰሜን ይጓዛሉ። ከሐምሌ ጀምሮ ማራ ወንዝ ነው፤ ቪዲዮው ማለት ያ ነው።

ስለዚህ ለጥር ሙሽሮች ሰረንጌቲ አልተዘጋም። ሰሜኑን ትተው ደቡቡን መያዝ አለባቸው እንጂ። ወንዝ የለም፣ ጥጃ አለ። የእህቴ ልጅ ቅር አለው። እሷ ግን «ጥጃው አይሻልም?» አለች።

አሁን ሂሳቡ። መግቢያው በዋናው ወቅት ከነግብሩ ለአንድ የውጭ ሰው በቀን ከ80 ዶላር በላይ ነው። የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አባል አገር ዜጋ በጣም ያነሰ ይከፍላል፤ ኢትዮጵያ አባል ስላልሆነች እኛ እንደ ፈረንጅ ነን። ከአሩሻ የሚወስደው ዋናው መንገድ በንጎሮንጎሮ ጥብቅ ክልል ውስጥ ስለሚያልፍ የሱም ክፍያ ለብቻው አለ። መኪናው ከነሹፌሩ በቀን ነው የሚታሰበው። አስጎብኚ ድርጅት ዋጋ ሲነግራችሁ «ይህ የፓርኩን ክፍያ ይጨምራል ወይ? የንጎሮንጎሮንስ?» ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። አንድ ወዳጄ ይህን ሳይጠይቅ ከፍሎ በሩ ላይ ሲደርስ እንደገና ካርድ አውጣ ተብሏል። ቪዛውንም አስቀድሞ ማመልከት ነው። ደጉ ነገር፣ ከአዲስ አበባ ኪሊማንጃሮ ቀጥታ በረራ አለ።

በኬንያ በኩል ያለው ማሳይ ማራ የዚያው ሜዳ ቅጥያ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ መሻገሩን ለማየት ጥሩ ነው። መግቢያው ግን ከሐምሌ እስከ ታኅሣሥ ለውጭ ሰው በቀን 200 ዶላር ነው፤ በቀሪው ጊዜ ግማሹ። ሦስት ቀን ለሁለት ሰው 1,200። ገና ሳይበላ፣ ሳይተኛ።

የግማሽ ቀኑ አማራጭ

ለሥራ ናይሮቢ ሄጄ ግማሽ ቀን ተረፈኝ። ናይሮቢ ብሔራዊ ፓርክ ከመሃል ከተማ አስር ኪሎ ሜትር አይሞላም። 117 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1946 የተቋቋመ የኬንያ የመጀመሪያው ፓርክ። በሩ ሲከፈት፣ በእኛ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ገባን። ሰባት ስምንት ደቂቃ ሳንሄድ ሹፌሩ ሞተሩን አጠፋ። አውራሪስ። ጭቃ ተለቅልቆ ቆሟል፣ ከጀርባው የከተማው ፎቅ ተደርድሯል። የሆነ ነገር ያኝካል። ጆሮው ብቻ ወዲያና ወዲህ ይዞራል። ከሩቅ ባቡሩ በረጅሙ ድልድይ ላይ ፓርኩን አቋርጦ አለፈ፤ እሱ ቀና አላለም።

ዝሆን እዚያ የለም፣ አትጠብቁ። አንበሳ ዕድል ነው፤ እኔ አላየሁም። ግን ለኢትዮጵያዊ ኬንያ ቪዛ አይጠየቅም፣ ከአዲስ አበባ በረራው ሁለት ሰዓት ገደማ ነው፣ ማደር አያስፈልግም። ገንዘብ ለሌለውና ጊዜ ለሌለው ሰው በዋጋው ልክ ይህን የሚያክል የማውቀው የለም። ሌላ ቦታ ሊሄድ ናይሮቢ ላይ ለሚያድር ሁሉ ይህን እላለሁ።

ጎሪላ፦ ውዷ ሰዓት

ሩዋንዳ ቮልካኖስ ፓርክ ውስጥ ጎሪላ ለማየት የሚቆረጠው ፈቃድ ለውጭ ጎብኚ 1,500 ዶላር ነው። ስምንት ሰው በአንድ ቡድን፣ ከጎሪላዎቹ ጋር አንድ ሰዓት። ለሁለት ሰው 3,000። የልጆቹ ገንዘብ በሙሉ፣ በአንድ ሰዓት። ሲሰሙት ሁለቱም ሳቁ። ማኪያቶውን እኔ እንደምከፍል ያን ጊዜ ገባኝ።

ኡጋንዳ ውስጥ ብዊንዲ 800 ነው። በዓለም ላይ ያሉት የተራራ ጎሪላዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ በሆነው ቆጠራ ከአንድ ሺህ ትንሽ ያልፋሉ፤ ወደ ግማሽ የሚጠጉት ብዊንዲ ናቸው። እንስሳው ያው ነው። ልዩነቱ መንገዱ ነው። ከኪጋሊ ቮልካኖስ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ አስፋልት ነው። ከእንቴቤ ብዊንዲ ግን ቀኑን ሙሉ መኪና ውስጥ ነው። ሰው የማያውቀው ዘዴ፣ ኪጋሊ አርፎ ድንበር ተሻግሮ ብዊንዲ መሄድ ከእንቴቤ ይቀርባል። የሁለቱንም አገር መግቢያ ፈቃድ አስቀድማችሁ ጨርሱ። ለአፍሪካ ዜጋ የዋጋ ቅናሽ አለ ወይ ብላችሁም ከመክፈል በፊት ጠይቁ፤ መጠየቅ ነውር የለውም።

ከ15 ዓመት በታች ልጅ አይገባም። ጉንፋን የያዘውም ይመለሳል፤ የሰው ጉንፋን ጎሪላ ይገድላል። ደረቁ ወቅት ከሰኔ እስከ ጳጉሜንና ከታኅሣሥ እስከ የካቲት መጀመሪያ ነው። ጥር ለዚህ ጥሩ ነው።

ፏፏቴ፦ እዚህ ላይ እኛን አታስተምሩን

ዕውቀታችንም ቁስላችንም ያለው እዚህ ነው። አንድ ግንቦት ላይ ከአዲስ አበባ የመጡ እንግዶች ይዤ ጢስ ዓባይ ሄድኩ። ሠላሳ ኪሎ ሜትሩን አቧራ እየበላን፣ እኔ «ከሩቅ ድምፁ ይሰማችኋል» እያልኩ። ስንደርስ ግድግዳው ላይ ሁለት ሦስት ክር ውሃ ተንጠልጥሏል። አንዷ ሴትዮ በጨዋነት «ድንጋዩ ያምራል» አለች። ከዚያን ቀን ወዲህ ማንንም ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ካልሆነ አልወስድም። ውሃው እ.ኤ.አ. በ2001 ሥራ የጀመረው ሁለተኛው የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ የሚወስደው፣ ከ2010 ጀምሮ ደግሞ ከጣና በቀጥታ ወደ በለስ ኃይል ማመንጫ የሚሄደው እየተቀነሰበት ነው የሚመጣው። በወሩ ከሄዱ ግን አሁንም እስከ 400 ሜትር ተዘርግቶ ከ40 ሜትር በላይ ይወድቃል።

ዛምቢያና ዚምባብዌ የሚካፈሉት ቪክቶሪያ 1,708 ሜትር ስፋት፣ 108 ሜትር ከፍታ አለው። ከፍታው ከጢስ ዓባይ እጥፍ ያልፋል፣ ስፋቱ አራት እጥፍ። የአገሬው ስም ሞሲ ኦአ ቱንያ ነው፤ የሚያጓራ ጭስ። ጢስ እሳት ብሎ ስም ያወጣው የኛ ሰውና እነሱ ሳይተዋወቁ አንድ ነገር አዩ።

ግን በሽታውም አንድ ነው። በዛምቢያ በኩል ያለው ፏፏቴ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ብዙ ቦታ ደርቆ ድንጋይ ይሆናል። በሚያዝያ ደግሞ ውሃው ከመብዛቱ የተነሳ ርጭቱ ፊት ለፊቱን ይጋርደዋል፤ ትበሰብሳለህ እንጂ አታይም። ውሃውም ዕይታውም የሚገኘው ከሰኔ እስከ ነሐሴ ነው። አብዛኛውን ክፍል ፊት ለፊት የምታዩት ከዚምባብዌ በኩል ነው። አንድ ወገን ብቻ የምትከፍሉ ከሆነ ዚምባብዌን ያዙ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቪክቶሪያ ፏፏቴ ከተማ ድረስ ይበራል። ጥር ላይ ውሃው ገና እየጨመረ ነው፣ ዝናብም አለ። ለሙሽራዋ አልመከርኩም።

አርጀንቲናና ብራዚል የሚካፈሉት ኢጉዋሱ ከሁሉም ይለያል። አንድ ፏፏቴ አይደለም፤ በ2.7 ኪሎ ሜትር ላይ የተበተኑ 275 ገደማ ናቸው። ትልቁ የሰይጣን ጉሮሮ ይባላል፣ 80 ሜትር። በአርጀንቲና በኩል በብረት ድልድይ እላዩ ላይ ትሄዳላችሁ፣ በብራዚል በኩል ሙሉውን ከፊት ታያላችሁ። አየር መንገዳችን ሳኦ ፓውሎ ይሄዳል። ግን ለፏፏቴ ብሎ ውቅያኖስ መሻገር ሀብታም ወይ አበደ ያሰኛል። ሥራ ወይ ስብሰባ ወደዚያ ከወሰዳችሁ ግን ሁለት ቀን ጨምሩ።

አሜሪካና ደቡብ አፍሪካ፣ በአጭሩ

የሎውስቶን እ.ኤ.አ. በ1872 የተቋቋመ፣ የዓለም የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ ነው። ከአስር ሺህ በላይ ፍል ውሃና የእንፋሎት ቀዳዳ አለው። ኦልድ ፌዝፉል የሚባለው በየሰዓት ተኩሉ ገደማ ይተኮሳል፤ ሰው ሰዓቱን እያየ ይጠብቀዋል። አብዛኛው መንገድ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ሚያዝያ ለመኪና ዝግ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2026 ጀምሮ የአሜሪካ ነዋሪ ያልሆነ ጎብኚ በየሎውስቶንና በሌሎች አስር ፓርኮች በነፍስ ወከፍ 100 ዶላር ተጨማሪ ይከፍላል። የቪዛ ማመልከቻው 185 ዶላር ነው፤ ቢከለክሉህም አይመለስም። እዚያ ዘመድ ያለውና ቪዛው በእጁ የሆነ ሰው በበጋቸው ይሂድ። ለፓርክ ብቻ ብሎ ኤምባሲ መሰለፍን ግን አልመክርም።

ግራንድ ካንየን 446 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፣ ከ1.8 ኪሎ ሜትር በላይ ይጠልቃል። ግሩም ነው። ግን ከጎሃ ጽዮን ደጀን ዓባይ በረሃን በአውቶቡስ ስንወርድ ጆሯችን እየተደፈነ ያደግን ሰዎች፣ ገደል ለማየት ያን ያህል ባንከፍል ቅር አይለንም።

ክሩገር የሚሆነው ራሱ መንዳት ለሚወድ ነው። ወደ 20 ሺህ ስኩዌር ኪሎ ሜትር ነው፣ አስፋልት አለው፣ አስጎብኚ አያስገድድም። መኪና ተከራይቶ በራስ ፍጥነት ዝሆን፣ አንበሳ፣ አውራሪስ ማየት ይቻላል። ከግንቦት እስከ መስከረም ደረቅ ስለሆነ እንስሳው ውሃ ዳር ይሰበሰባል። መንገዱ በግራ ነው የሚነዳው፤ የመጀመሪያው ቀን ላብ በላብ ያደርጋል። የወባ መከላከያ ሐኪም ጠይቁ። ቪዛ ያስፈልጋል።

በአንድ ዓይን

| ፓርክ | ቤታችን የሌለ ነገር | ጥሩው ወር | ወጪ ከባሕር ዳር | የሚከብደው |
|---|---|---|---|---|
| ስሜን | ቤታችን ነው፤ ሌላው ዓለም የለውም | መስከረም መጨረሻ–የካቲት | ዝቅተኛ፣ በብር | ብርድ፣ ከፍታ፣ የመንገድ ሁኔታ |
| ባሌ | ቤታችን ነው | ኅዳር–የካቲት | መካከለኛ፣ በብር | ርቀት፣ ከፍታ |
| ናይሮቢ | አውራሪስ | ጥር–የካቲት፣ ሰኔ–መስከረም | መካከለኛ | ትንሽነቱ፣ ዝሆን የለም |
| ሰረንጌቲ ደቡብ | የመንጋው ወሊድ | ጥር አጋማሽ–የካቲት | ከፍተኛ | የተደራረበ ክፍያ |
| ሰረንጌቲ ሰሜንና ማራ | ወንዝ መሻገሩ | ሐምሌ–መስከረም | በጣም ከፍተኛ | የሰው ብዛት፣ ዋጋ |
| ብዊንዲ | ጎሪላ | ሰኔ–ጳጉሜን፣ ታኅሣሥ–የካቲት መጀመሪያ | ከፍተኛ | ረጅም መንገድ፣ ጭቃ |
| ቮልካኖስ | ጎሪላ | እንደ ብዊንዲ | ከሁሉም የሚከብድ ፈቃድ | ዋጋ |
| ቪክቶሪያ | ስፋቱ | ሰኔ–ነሐሴ | ከፍተኛ | ወር ከሳቱ ድንጋይ |
| ኢጉዋሱ | የፏፏቴው ብዛት | ሚያዝያ–ሰኔ፣ ነሐሴ–ጥቅምት | በጣም ከፍተኛ | ርቀት |
| የሎውስቶን | የሚተኮስ ፍል ውሃ | ሰኔ–መስከረም | በጣም ከፍተኛ | ቪዛ |
| ክሩገር | ራስ እየነዱ ማየት | ግንቦት–መስከረም | መካከለኛ–ከፍተኛ | ቪዛ፣ በግራ መንዳት |

ለማን የቱ?

ዶላር የሌለው፣ እግር ያለው፦ ስሜን። ክርክር የለውም። መንገዱ ካላስቸገረ አራት ቀን በቂ ነው። የመጀመሪያውን ሌሊት ጎንደር ወይ ደባርቅ እደሩ፤ ሰውነት ከፍታውን ይለምደው።

ልጆች የያዘ፦ ናይሮቢ። ግማሽ ቀን መኪና ውስጥ ልጅ ይታገሳል፣ ከዚያ በላይ አይታገስም። ከፓርኩ አጠገብ ወላጅ አልባ የዝሆን ግልገሎች የሚያድጉበት ቦታ ስላለ፣ ፓርኩ ውስጥ ያልተገኘው ዝሆን እዚያ ጡጦ ሲጠባ ይታያል።

እናት አባቱን ይዞ መሄድ የሚፈልግ፦ ስሜንና ባሌ ከፍታው ይከብዳቸዋል፣ ጎሪላው ዳገት ነው። ክሩገር ወይም ሰረንጌቲ፤ ከመኪና መውረድ የለም።

አንድ ጊዜ ብቻ በዕድሜው ትልቅ ገንዘብ አውጥቶ የሚሄድ፦ እኔ ብሆን ብዊንዲ። ሜዳና ፏፏቴ በስክሪንም ግማሹ ይገኛል። ዓይን ለዓይን ከሚያይህ እንስሳ ጋር መቀመጥ ግን በስክሪን አይገኝም። ይህ የኔ ዝንባሌ ነው፤ የእህቴ ልጅ አልተስማማም።

ኬንያ፣ ኡጋንዳ፣ ሩዋንዳ፣ ታንዛኒያ ወይም ደቡብ አፍሪካ የምትሄዱ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ አትርሱ። ከኢትዮጵያ የሚነሳ ሰው ይጠየቃል። ክትባቱ ከተወጋችሁ አስር ቀን ካልሞላው አይቆጠርም። ካርዱን ከፓስፖርቱ ጋር አንድ ላይ አስቀምጡ፤ እኔ ሻንጣ ውስጥ አድርጌው ናይሮቢ ላይ ሻንጣ እስኪመጣ ቆሜያለሁ።

ልጆቹ በመጨረሻ ወረቀቱን ወደ ራሳቸው ስበው ለብቻቸው ተነጋገሩ። እኔ ሐይቁን አየሁ፤ አንድ ሰውዬ ደንገል የጫነች ታንኳ ይገፋል። የደረሱበት ይህ ነው። ለጫጉላው ስሜን፣ ጥሩ ማደሪያ ይዘው። ዶላሩ አይነካም። በሚቀጥለው ዓመት ሐምሌ ላይ ከሁለት አንዱ፣ ወይ ወንዙ ወይ ፏፏቴው። የቱ እንደሚሆን ገና ይጣሉበታል።

ተነስተን ልንሄድ ስንል እጮኛው ወደ እኔ ዞረች።

«አጎቴ፣ ያቺ ጋቢ አሁንም አለች?»